ጠብታውና ጥያቄው

ሰው በሐሰት ነገር ሊጽናና ይችላል ወይ? ቢጽናናስ ያ መጽናናት እውነተኛ ነው፣ ወይስ እሱም እንደ ምክንያቱ ሐሰት ነው? ጥያቄውን ሲሰሙት የፍልስፍና ተማሪዎች የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን በየማለዳው በብዙ ቤቶች ውስጥ ሰዎች ሳያውቁት መልስ ይሰጡበታል። እኔም በዚህች ጽሑፍ ጥያቄውን ይዤ ወደ ሰማየ ሰማያት መውጣት አልፈልግም። ከአንዲት ትንሽ ጠርሙስ ጋር አስሬ ምድር ላይ ላቆየው እሞክራለሁ።

ጠርሙሷ የምትይዘው 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ክዳኗ ላይ የጎማ ማንጠባጠቢያ አላት። ውስጧ ያለው ፈሳሽ የአበባ ጠብታ ይባላል። በእንግሊዝ አገር፣ በሌላውም አውሮፓና በአሜሪካ ይህን ጠብታ የዕለት ተዕለት ሥርዓት ያደረጉ ሰዎች አሉ። ጧት ከአልጋቸው ሲነሡ አራት ጠብታ ምላሳቸው ላይ ያደርጋሉ። ቀትር ላይ አራት፣ ከሰዓት በኋላ አራት፣ ማታ ሊተኙ ሲሉም አራት። ለምን ቢባሉ ለሆድ ቁርጠት ወይም ለራስ ምታት አይደለም። ለፍርሃት፣ ለጸጸት፣ ለቂም፣ ለተስፋ መቁረጥ ነው። መቼም ይህን ሰምቶ «ጉድ ነው!» የማይል አንባቢ አይኖርም። ይሁን እንጂ ጉድ ብሎ ማለፍ ማሰብ አይደለምና ነገሩን ከሥሩ እንየው።

የዚህ ሥርዓት መሥራች ኤድዋርድ ባች የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በ1886 በርሚንግሃም አጠገብ ተወለደ። ሕክምናን ለንደን ተምሮ በባክቴሪያ ምርምር ሠራ፤ በኋላም በለንደን የሆሚዮፓቲ ሆስፒታል አገልግሏል። እንግዲህ ባች ሳይንስ ያልነካው ሰው አልነበረም ማለት ነው። በ1930 ግን የለንደን ሥራውን እርግፍ አድርጎ ትቶ ወደ ገጠር ወጣ። በየሜዳው እየዞረ አበባ ይመረምር ጀመር። በ1931 «ራስህን ፈውስ» የሚል ርእስ ያላት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። የመጽሐፏ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ በሽታ የሚመነጨው የሰው ነፍስና የሰው ጠባይ ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው፤ ስለዚህ መታየት ያለበት በሽታው ሳይሆን የበሽተኛው የልብ ሁኔታ ነው። በ1936 በ50 ዓመቱ ሲሞት 38 ዓይነት ጠብታ ትቶ አለፈ። አንደኛው እንዲያውም አበባ የሚባል ነገር አልነካውም፤ ከአለት የሚፈልቅ የምንጭ ውሃ ብቻ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ደመና በሌለበት ቀን አበባው ተቀጥፎ በንጹሕ ውሃ በተሞላ የብርጭቆ ሳህን ላይ ይንሳፈፋል፤ ፀሐይ ላይም ሦስት ሰዓት ያህል ይቆያል። አንዳንዱ ደግሞ፣ በተለይ የዛፍ አበባ ሲሆን፣ ለግማሽ ሰዓት ይቀቀላል። ከዚያ አበባው ይወጣና ውሃው ከእኩሌታ ብራንዲ ጋር ይደባለቃል። ይህችን እናት ብለን እንጥራት። ከእናቲቱ ሁለት ጠብታ ተወስዶ በ30 ሚሊ ሊትር ብራንዲ ውስጥ ይገባል። ከዚህኛው እንደገና ሁለት ጠብታ ተወስዶ በ30 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበረዛል። ሰውየው ምላሱ ላይ የሚያደርገው ይህን የመጨረሻውን ነው።

እስቲ እናስላው። አንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ያህል ነው ብንል 30 ሚሊ ሊትር 600 ጠብታ ይሆናል። ሁለት ጠብታ በ600 ውስጥ ማለት ከ300 አንድ እጅ ነው። ሁለት ጊዜ ሲበረዝ ከ90,000 አንድ እጅ ይሆናል። እናቲቱ ራሷ ግማሿ ብራንዲ ስለሆነች ደግሞ ከ180,000 አንድ እጅ። በቀን 16 ጠብታ የሚወስድ ሰው፣ አበባው ከተንሳፈፈበት ከዚያ ውሃ አንዲት ሙሉ ጠብታ ለመጠጣት ከ30 ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። ያውም የሚጠጣው አበባው የነካውን ውሃ እንጂ አበባውን አይደለም። የባች ተከታዮች ለዚህ መልስ አላቸው፤ የሚፈለገው የአበባው ቁስ ሳይሆን ኃይሉ ነው ይላሉ። ኃይሉ በምን ተመዘነ? ማን አየው? ሲባሉ ግን ከጠጪው ስሜት በቀር ሌላ ምስክር አይጠሩም።

መልካም። ምስክሩ ስሜት ከሆነ ስሜትን መፈተን ይቻላል፤ ተፈትኗልም። የሚገርመው ለዚህ የተመረጡት የእኛው ብጤዎች መሆናቸው ነው፦ ፈተና የሚፈሩ ሰዎች! በጀርመን አገር ተመራማሪዎች በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ የፈተና ፍርሃት ያለባቸውን 61 ሰዎች በዕጣ ከፍለው ለአንዱ ወገን የባችን ጠብታ፣ ለሌላው ጠብታ መሳይ ባዶ ፈሳሽ ሰጡ። ማን የትኛውን እንደ ወሰደ ሰጪውም ተቀባዩም አያውቅም ነበር። በሁለቱ ወገኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። በ2010 ደግሞ ኤድዛርድ ኤርንስት የተባሉ ፕሮፌሰር እስከዚያ ጊዜ የተደረጉትን መሰል ሙከራዎች ሰብስበው መረመሩ። ከባዶ ፈሳሽ ጋር በተነጻጸረበት ሙከራ ሁሉ ጠብታው በልጦ አልተገኘም።

ነገሩ እዚህ ላይ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጀመርኩት። በዚያ በጀርመኑ ጥናት ውስጥ የሁለቱም ወገን ፍርሃት እየዋለ እያደረ ቀንሶ ተገኝቷል። ጠብታውን የወሰዱትም ቀለላቸው፤ ባዶውን የወሰዱትም ቀለላቸው። በእርግጥ ፍርሃት በራሱ ጊዜም ይበርዳል፤ ሁሉንም ለፈሳሹ መስጠት አይገባም። ቢሆንም አንድ ሰው «ቀለለኝ» ሲል «አልቀለለህም» ለማለት ምን ሥልጣን አለን? ቅለት እኮ ከውጭ የሚታይ ዕቃ አይደለም። የተሰማው ሰው ተሰማኝ ካለ ተሰምቶታል።

ይህን ነገር በመኝታ ክፍላችን አንሥቼው ነበር። ክፍሉ ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ጓደኛዬ «ታዲያ ምን ይጠበስ? ሰውየውን እንቅልፍ ከወሰደው ወሰደው ነው። አንተን ምን አገባህ? የተኛን ሰው ቀስቅሰህ አልጋህ የተሠራበት እንጨት ይህ ነው ትለዋለህ እንዴ?» አለኝ። ሁለተኛው ከአልጋው ላይ ተነሥቶ ተቆጣ። «የለም! ውሸት ውሸት ነው። ዛሬ በጠብታ ያስተኛኸውን ሰው ነገ ሌላው መጥቶ በሌላ ነገር ያስተኛዋል። ሰው ሰው የሚባለው በማወቁ አይደለም እንዴ?» አለ። ክርክሩ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ቀጠለ፤ ማንም ማንንም አላሳመነም።

በጨለማው ውስጥ ተኝቼ ሳስበው ግን ሁለቱም በአንድ ነገር ተስማምተዋል። ሁለቱም መጽናናቱ የመጣው ከውሸቱ ነው ብለው ነው የተነሡት። አንዱ ስለ መጽናናቱ ሲል ለውሸቱ ምሕረት ያደርጋል፤ ሌላው ስለ ውሸቱ ሲል መጽናናቱን ይኰንናል። መጽናናቱ ከውሸቱ ያልመጣ እንደ ሆነስ?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ፕላቶ «ሪፑብሊክ» በተባለው መጽሐፉ ሐሰትን ከመድኃኒት ጋር ያመሳስለዋል። እንደ መድኃኒት ስለሆነ በሐኪም እጅ ብቻ ይያዝ፤ ተራ ሰው አይንካው ይላል። የመጀመሪያው ጓደኛዬ ይህን ቢያነብ ደስ ይለዋል። ይኸው ፕላቶ ግን «ካርሚደስ» በተባለው ድርሰቱ ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርብ ነገር ጽፏል። ካርሚደስ የተባለ መልከ መልካም ወጣት ራሱን ያመዋል። ሶቅራጥስም መድኃኒት አውቃለሁ ይለዋል። መድኃኒቱ ቅጠል ነው፤ ከቅጠሉ ጋር ግን የሚደገም ቃል አለ። ያለ ቃሉ ቅጠሉ ምንም አይረባም። ደግሞም ዓይን ያለ ራስ፣ ራስ ያለ አካል፣ አካልም ያለ ነፍስ አይታከምም ይለዋል። እስከዚህ ድረስ ሶቅራጥስና ባች አንድ አፍ ይመስላሉ። ልዩነቱ ቀጥሎ ይመጣል። ያ የሚደገመው ቃል ሶቅራጥስ ዘንድ ምሥጢራዊ ድግምት አይደለም፤ መልካም ንግግር ነው። ከዚያ በኋላ ቅጠሉ ይረሳል፤ ልጁ ስለ ራሱ ጠባይ ይጠየቃል፣ ይመልሳል፣ ይሳሳታል፣ እንደገና ይጠየቃል። በመጨረሻም ልጁ ቃሉ በየቀኑ እንዲደገምለት ይስማማል። ቅጠሉን ግን የሚጠይቅ ሰው የለም!

ይህን ይዘን ወደ ባች ጠርሙሶች እንመለስ። ጠብታ የሚወስድ ሰው ከመውሰዱ በፊት ከ38ቱ የትኛው ለእሱ እንደሚሆን መምረጥ አለበት። ለመምረጥ ደግሞ ራሱን መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። ፈርቻለሁ ወይ? እሺ፣ የምፈራውን ነገር አውቀዋለሁ? ካወቅሁት ሚሙለስ የምትባለው አበባ ነች። የምፈራውን ሳላውቅ እንዲሁ ሆዴን ባር ባር የሚለኝ ከሆነ አስፐን የሚባለው ዛፍ ነው። ፍርሃቴ ለራሴ ሳይሆን ለምወዳቸው ሰዎች ከሆነ ሬድ ቼስትነት። አልችለውም ብዬ ሳልሞክር የምተው እንደ ሆነ ላርች። የሆነውን ሁሉ የእኔ ጥፋት ነው እያልኩ ራሴን የምገርፍ እንደ ሆነ ፓይን። ቂም ይዤ ዕድሌን የማማርር እንደ ሆነ ዊሎው። ኃላፊነት በዝቶብኝ ጉልበቴ ድንገት የከዳኝ እንደ ሆነ ኤልም። ከረጅም ልፋት በኋላ የዛልኩ እንደ ሆነ ወይራ።

እስቲ ይህን ልብ በሉ። በአራት ጠብታ ውሃ ምክንያት አንድ ሰው በየማለዳው ቁጭ ብሎ «ዛሬ ልቤ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» ይላል። ፍርሃትን ከሥጋት፣ ድካምን ከተስፋ መቁረጥ፣ ጸጸትን ከቂም ይለያል። ስንቶቻችን ነን ይህን ጥያቄ በዓመት አንዴ እንኳ የምንጠይቅ? ሰው «እንዴት ነህ?» ሲለን «ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን እናልፋለን። ልማድ ነውና ክፋት የለውም፤ ግን ለሰው የምንመልሰውን ያንኑ ለራሳችንም እንመልሳለን። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። ሰው በሽታውን የሚደብቀው ከሐኪም ብቻ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከራሱም ጭምር ነው። ስም የሌለው ፍርሃት መላ ሰውነትን ይወርሳል። ስም ያገኘ ፍርሃት ግን ድንበሩ ይታወቃል። «ያስፈራኝ የዓርቡ ፈተና ነው» ያለ ተማሪ ሌላው ቢቀር የትኛውን ደብተር መክፈት እንዳለበት ያውቃል። «ያስፈራኝ ፈተናው ሳይሆን ብወድቅ አባቴን የማይበት ዓይን ነው» ያለው ደግሞ ደብተር ሳይሆን አባቱን ማናገር ያስፈልገዋል።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ የሚያጽናናው ጠብታው አይደለም፤ ከጠብታው በፊት የሚመጣው ጥያቄ ነው። ከጥያቄውም ጋር የሚመጣው ዝምታ፣ ለራስ የተሰጠች ያቺ አምስት ደቂቃ፣ ነገ ጧትም ይደገማል የሚለው ተስፋ ነው። ውሃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ ይባል የለ! የጠርሙሷ ውሃም ዝም ያለ ውሃ ነው። ድምፅ የሚሰጠው ሰውየው የጣለበት ጥያቄ ነው።

«ይህ ያንተ ግምት ነው» የሚለኝ ይኖራል። እውነቱን ነው፤ ሙሉ ማስረጃ አላቀረብኩም። ግን ግምቴን የሚያግዝ አንድ ሙከራ አለ። ቴድ ካፕቹክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ የቆየ የአንጀት መታወክ የሚያሠቃያቸውን 80 ሰዎች ለሁለት ከፈሉ። ለአንዱ ወገን ክኒን ሰጡ። ግን አልዋሹም፤ ክኒኑ ምንም መድኃኒት የሌለበት፣ እንደ ስኳር ክኒን ያለ ባዶ ነገር መሆኑን በግልጽ ነገሯቸው። ባዶ ክኒንን በሥርዓቱ መውሰድም ሰውነትን ሊረዳ እንደሚችል አስረዷቸው። ለሌላው ወገን ክኒን አልሰጡም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ክኒኑን ከወሰዱት መካከል 59 በመቶው በቂ እፎይታ አገኘን አሉ፤ ካልወሰዱት መካከል 35 በመቶው። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ የተለካውም ሰዎቹ የተሰማቸው ነው። ባዶ ክኒን ወባ አይገድልም፣ ዕጢ አያሟሟም። ለእኛ ክርክር ግን ትልቅ ነገር ይነግረናል። ሥርዓቱ ያለ ውሸትም ሊረዳ ይችላል ማለት ነው። ካልዋሹ አይጽናናም የሚለው የሁለቱ ጓደኞቼ የጋራ መነሻ እዚህ ላይ ይናዳል።

አሁን የመጀመሪያው ጓደኛዬ ፈገግ ብሎ «እሺ ይሁን። ያጽናናው ጥያቄው ይሁን። ሰውየው ምስጋናውን ለጠብታው ቢሰጥ ምን ይጎዳል?» ይለኛል። ሥነ ምግባሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። ምስጋና ለማይገባው ሲሰጥ የሚጎዳው ሰው አለ።

መጀመሪያ የሚጎዳው ራሱ አመስጋኙ ነው። በገዛ ድፍረቱ ያደረገውን ለጠርሙስ ሰጥቷልና ጠርሙሱ ሲያልቅ ድፍረቱም ያለቀ ይመስለዋል። ሌላ ጠርሙስ ይገዛል። የራሱ የነበረውን ነገር በየወሩ በገንዘብ መልሶ ይገዛዋል ማለት ነው። በዚህ ባችን አልወቅስም። ባች አሠራሩን አልደበቀም፤ ማንም ሰው ቤቱ ውስጥ እንዲሠራው በመጽሐፍ አውጥቶታል። ከሞተ በኋላ ግን ስሙ የንግድ ምልክት ሆኖ ክርክር ተነሣበት፤ በ1999 የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ስሙ የአንድ ነጋዴ ብቻ ሊሆን አይችልም ብሎ ፈረደ። ለሁሉም ተብሎ የተሰጠ ነገር ለማን ነው ተብሎ ፍርድ ቤት መድረሱ ራሱ ብዙ ይናገራል።

ሁለተኛ የሚጎዳው በእርግጥ የታመመው ነው። ከአልጋው መነሣት ያቃተው፣ ምግብ ያስጠላው፣ መኖር የመረረው ሰው ጠብታ እየወሰደ ሳምንት ከሳምንት ቢያሳልፍ ውሃው አይመርዘውም። የሚጎዳው ሐኪም ዘንድ ሳይሄድ ያለፈው ሳምንት ነው።

«ታዲያ ጸበልስ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ለእኔ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ጸበል የሚጠመቅ ምእመን ውሃው በባሕርዩ ያድነኛል አይልም፤ የሚለምነውን በስሙ ይጠራዋል፣ ምስጋናውንም ለማን እንደሚሰጥ ያውቃል። ያ የእምነት ነገር ነውና በሙከራ ቤት ሚዛን ላይ አላስቀምጠውም። የአበባው ጠብታ ግን በመድኃኒት መልክ ተሠርቶ፣ በልክ ተሰፍሮ፣ ለዚህ ስሜት ይህ ነው ተብሎ ይሸጣል። በመድኃኒት ስም የመጣ በመድኃኒት ሚዛን መመዘን አለበት።

ሦስተኛው ጉዳት ከሁሉም የሚያሳስበኝ ነው። የባችን ሕይወት የጻፉ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ ሐኪም ከመሆኑ በፊት በወጣትነቱ በአባቱ የናስ ማቅለጫ ውስጥ ይሠራ ነበር። እዚያ ያሉት ሠራተኞች መታመምን እጅግ ይፈሩ እንደ ነበር አየ። ለምን? ታምሞ የቀረ ሰው የቀን ደመወዙን ያጣል፤ ደመወዙን ካጣ ቤቱ ይራባል። እያመማቸውም ሥራ ይገቡ ነበር። ባች ይህን ማየቱ ደግ ልብ እንደ ነበረው ያሳያል። ዘመን አልፎ ጠብታዎቹን ሲሠራ ግን ሚሙለስ የምትባለዋን አበባ ለሚታወቁ ፍርሃቶች መደባት፤ ከእነዚያም መካከል ሕመምን መፍራትና ድህነትን መፍራት አሉበት።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የናስ ማቅለጫው ሠራተኛ ድህነትን ሲፈራ የተሳሳተው ምን ላይ ነው? ጠባዩ ተበላሽቷል? ነፍሱና ሥጋው ተጣልተዋል? የለም፣ ሰውየው ልክ ነው! ቢታመም በእርግጥ ይራባል። ፍርሃቱ እውነትን በትክክል አይቷል። መታከም ያለበት ነገር ካለ የደመወዙ ውል ነው። እንደዚሁም ሁሉ የተበደለ ሰው ቂም ሲይዝ ዊሎው፣ ከአቅሙ በላይ የተጫነበት ሰው ሲዝል ወይራ እየሰጠን ብንሄድ፣ በዓለም ላይ የሚደረገው ግፍ ሁሉ የተበዳዩ የስሜት ጉድለት ሆኖ ያርፋል። በዳዩስ? በዳዩ እንኳንስ ጠብታ ሊወስድ፣ ማን እንደ ሆነም የሚጠይቅ አይኖርም።

ስለዚህ ያ ያመሰገንኩት የማለዳ ጥያቄ ብቻውን ጎዶሎ ነው እላለሁ። «ዛሬ ልቤ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» ካሉ በኋላ «ከየት መጣ?» ማለት ያስፈልጋል። ከራሴ የመጣ ከሆነ ራሴን ላርመው። ከውጭ የመጣ ከሆነ ግን ልቤን ማባበል ብቻ አይበቃም። ለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ከ38ቱ ጠርሙሶች ውስጥ አንድም የተመደበለት የለም።

አሁን ደግሞ ሁለተኛው ጓደኛዬ በደስታ ብድግ ይላል። «አላልኩህም! ጠርሙሱን ሁሉ መስበር ነው!» የለም ወንድሜ፣ እንደዚያም አላልኩም። የደመወዙ ውል በአንድ ሌሊት አይለወጥም። ሠራተኛው ዛሬ ማታ መተኛት አለበት፤ ነገ ጧት ደግሞ ለልጆቹ ፊቱን ማሳየት አለበት። የዛሬን ሌሊት የሚያሻግርን ነገር መናቅ ጠግቦ ያደረ ሰው ንግግር ነው። መጽናናት ለትግል ጠላት አይደለም፤ ያልተኛ ሰው ምን ሊታገል ይችላል? የማልቀበለው መጽናናቱ ሲጨርስ ጉዳዩም ያለቀ ሲመስለን ነው።

ሥርዓት ሁሉ እንዲህ አያታልልም። ለምሳሌ በየቤታችን ያለውን የቡና ሥርዓት እንመልከት። ከአቦል እስከ በረካ ድረስ የተቀመጡት እናቶቻችን ቡናው ጭንቀት ያድናል ብለው አይሸጡልንም። የጨነቃት ጎረቤት መጥታ ትቀመጣለች፤ «ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» ትባላለች። ትናገራለች። ሰውየው እንዲህ አደረገኝ፣ የቤት ኪራይ እንዲህ ሆነብኝ ትላለች። ሁለተኛውም ጥያቄ እዚያው ይነሣል፤ ከየት መጣ፣ ማን አመጣው፣ ማን ይናገርልሽ ይባላል። ስትወጣ የቀለላት ከሆነ «ሰዎቹ ደግ ናቸው» ትላለች እንጂ «ስኒው ፈወሰኝ» አትልም። ምስጋናው የሚገባው ዘንድ ይደርሳል። በእርግጥ ቡናም ሐሜት አለበት፤ ፍጹም ነው አላልኩም። ግን የሚያጽናናው ምን እንደ ሆነ አይደብቅም፤ ሰውንም ከጠርሙስ ጋር ብቻውን አይተወውም።

እንግዲህ ወደ መነሻው ጥያቄ ልመለስ። በሐሰት የተጽናና ሰው መጽናናቱ እውነተኛ ነው ወይ? እኔ የምለው፣ መጽናናቱ እውነተኛ ከሆነ ምክንያቱም የሆነ ቦታ እውነተኛ ነው፤ ፈልገን እናግኘው። በአበባው ጠብታ ውስጥ ያገኘሁት እውነተኛ ነገር ራሱን የሚጠይቅ ሰው ነው። ያ ሰው ሊከበር እንጂ ሊሳቅበት አይገባም። ውሸት የሆነው ስሙ ለሌላ መሰጠቱ ነው። የእኛም ግዴታ ጠርሙሱን ከእጁ መንጠቅ ሳይሆን ያደረገውን እሱ ራሱ እንዳደረገው መንገር ነው። ይህን ሲሰማ ምናልባት ጠርሙሱን ያስቀምጠዋል፤ ምናልባትም እንደ ልማዱ ይቀጥልበታል። ምርጫው የእሱ ነው። እውነቱን አውቆ አራት ጠብታ ውሃ የሚወስድን ሰው አታላይም ተታላይም ልለው አልችልም።

አንባቢ ሆይ፣ ጠርሙስ አያስፈልግህም። ነገ ጧት ደወሉ ሳይደወል፣ ወደ ውሃው ወረፋ ሳትሮጥ፣ አልጋህ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለህ ሁለቱን ጥያቄዎች ራስህን ጠይቅ። መልሱ አንተን የሚመለከት ከሆነ ራስህን አርም። ሌላውን ሰው የሚመለከት ከሆነ ሂድና ንገረው። ሁላችንንም የሚመለከት ሆኖ ካገኘኸው ግን ለብቻህ አትያዘው፤ አምጣውና አብረን እንነጋገርበት።